ዘይላ በጠረኗ፣ ዘይላ በዑለማዎቿ፦ የኢፋትና የማሊ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ



ሰሞኑን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ሰዓት ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር መስጂድ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ስለ ማንሳ ሙሳ የተሠራ ቪዲዮ አሳየን። "በዓለም ላይ ከኖሩት ሁሉ ሀብታሙ ሰው ሙስሊም አፍሪካዊ ነበር" ይላል። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ አለን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው፦ "ከነጃሺና ከኢማም አሕመድ ሌላ በሀገራችን የነገሠ አንድ ሙስሊም ሱልጣን ጥሩልን።"

ዝም አሉ። ቆይቶ አንዱ "አባ ጅፋር" አለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከነጃሺ እስከ አባ ጅፋር ከ1,200 ዓመት በላይ አለ። ያንን ሁሉ ዘመን በአንድ ኢማም አሕመድ ስም ብቻ ሞልተነዋል ማለት ነው። የማሊን ንጉሥ እናውቃለን፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የማይርቀንን የኢፋትን ሱልጣን ግን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚያ ዝምታ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ሀገር

ማንሳ ሙሳ ለሐጅ ሲጓዝ በ1324 (724 ሂጅራ) ካይሮ ገባ። ወርቁን ለሹሙም ለነጋዴውም ለምስኪኑም ከመበተኑ የተነሣ በከተማዋ የወርቅ ዋጋ ወደቀ። ይህን በዝርዝር ከነገሩን ሰዎች ዋናው ሺሃቡዲን አል-ዑመሪይ ናቸው። ከ1301 እስከ 1349 የኖሩ፣ የደማስቆ ተወላጅ፣ በመምሉኮች መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያገለገሉ ዓሊም ነበሩ። ካይሮ የደረሱት ማንሳ ሙሳ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። እንግዳውን የተቀበሉትን፣ ከእሱ ጋር የተነጋገሩትንና የነገዱትን ሰዎች እየፈለጉ ጠየቁ። ከ12 ዓመት በኋላም የወርቁ ዋጋ እንዳላገገመ ጻፉ።

አሁን ልብ በሉ። የማሊን ወሬ የያዘው ያው መጽሐፋቸው፣ "መሳሊኩል አብሷር"፣ ስለ ሐበሻ ሙስሊሞችም ምዕራፍ አለው። ሰባት የሙስሊም መንግሥታትን በስም ይዘረዝራል፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሀድያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ። የእያንዳንዱን ስፋት በእግር ጉዞ ቀናት ይለካል። የሠራዊቱን ብዛት፣ የሚዘራውን እህል፣ የሚለበሰውን፣ የሚገበያዩበትን፣ የሚከተሉትን መዝሀብ ይናገራል። ለኢፋት አብዛኞቹ ሻፊዒዮች ናቸው ይላል፤ የሌሎቹን ሐነፊዮች ይላቸዋል። ሙዙን፣ ሎሚውን፣ የሸንኮራ አገዳውን ይቆጥራል። ጫትን እንኳ አልረሳም፤ ቅጠሉ እየተቃመ እንቅልፍ እንደሚያባርር ጽፏል።

አል-ዑመሪይ ሐበሻን አልረገጡም። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው? አብዛኛውን የነገሯቸው ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ የሚባሉ የእኛው አካባቢ ፈቂህ ናቸው። የሀገራቸውን ሙስሊሞች ጉዳይ ይዘው ካይሮ በነበሩበት ጊዜ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ተጠየቁ፤ መለሱም። የሸይኹን ስም ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባቸዋለን።

ግመል የሚቆምበት ቦታ

ማሊንም ኢፋትንም ያበለጸጋቸው መልክዓ ምድራቸው ነው። ከሰሜን አፍሪካ የሚነሣ የግመል ቅፍለት ሰሐራን ለማቋረጥ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ከበረሃው ማዶ ያለው መሬት "ሳሕል" ይባላል፤ በዐረብኛ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። በረሃው ባሕር፣ ግመሉ መርከብ ሆኖ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ግመል አይስማማውም። ጭነቱ ይወርድና በጀልባ በኒጀር ወንዝ ወይም በአህያ ይቀጥላል። ጭነት ከአንዱ እንስሳ ወርዶ በሌላው በሚጫንበት ቦታ ገበያ ይቆማል፤ ገበያው ከተማ፣ ከተማው መንግሥት ይሆናል። ቲምቡክቱም ጋኦም እንዲህ ነው ያደጉት።

የእኛስ? ወሎ ቤተሰብ ያላችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ደጋው አልቆ ቆላው ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሙቀቱ ፊታችሁን ይመታል። ኢፋት ማለት ያ ነው፦ በደጋውና በአፋር በረሃ መካከል ያለው ወገብ። ከዘይላ ወደብ የተነሣ ግመል አፋርን አቋርጦ ተራራው ሥር ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት የበቅሎና የአህያ ነው። ስለዚህ እዚያም ጭነት ይወርዳል፤ እዚያም ገበያ ይቆማል። ከገበያዎቹ አንዱ ገንደበሎ ይባል ነበር። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎች ግመሎች ጭነታቸውን የሚያራግፉበት ትልቅ የንግድ ከተማ እንደነበር መስክረዋል።

ቦታው ሌላም ትርጉም ነበረው። ገንደበሎ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ሆኖ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይገብር ነበር። የደጋው ንጉሥ ከባሕር የሚመጣውን ጨርቅ ይፈልጋል፤ የባሕሩ ነጋዴ የደጋውን ወርቅ ይፈልጋል። በምዕራብ አፍሪካም ነገሩ ይኸው ነበር። አል-በክሪይ በ1068 ስለ ጋና ሲጽፉ ዋና ከተማዋ ሁለት እንደነበረች ይናገራሉ፤ አንዷ ሙስሊም ያልሆነው ንጉሥ የሚኖርባት፣ ሌላዋ 12 መስጂዶች ያሏት የሙስሊሞች ከተማ። ጦርነት አልነበረም እያልን አይደለም፤ ነበረ፣ ብዙ ደምም ፈሷል። ግን በሁለት ጦርነቶች መካከል ረጅም የገበያ ዘመን አለ። ስለ ጦርነቱ ብቻ የሚያወራ ሰው ግማሹን ታሪክ ነው የሚነግራችሁ።

ወርቅ፣ ጨው፣ ሰው

በምዕራብ ወርቁ ከደቡብ ጫካ ሲመጣ ጨው ከሰሐራ ይወርድ ነበር። ኢብኑ በጡጣ በ1352 ተጋዛ በምትባል የጨው ማዕድን መንደር ሲያልፉ ቤቶቿና መስጂዷ ከጨው ድንጋይ ተሠርተው፣ በግመል ቆዳ ተከድነው አይተዋል።

በእኛ ሀገር ደግሞ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ አሞሌ እየሆነ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ቆይቷል፤ አያቶቻችን ያወሩናል። ወርቅ ከዳሞት በኩል ይመጣል። የዝሆን ጥርስና ዝባድም ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። በኢፋት በግብፅ ገንዘብ ይገበያዩ እንደነበር፣ በደዋሮ ግን ሐኩና የሚባሉ የብረት ቁርጥራጮች እንደ ገንዘብ ይሠሩ እንደነበር አል-ዑመሪይ ጽፈዋል።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብንም። በሁለቱም መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ማንሳ ሙሳ ካይሮ የገባው ከብዙ ባሪያዎች ጋር ነው። በሀድያ በኩል የሚያልፈውን የባሪያ ንግድ፣ ወንዶች ልጆች ተሰልበው እንደሚሸጡ ጭምር፣ ያው መጽሐፍ መዝግቧል። የሚያኮራውን ብቻ መርጠን ብንጽፍ ታሪክ ሳይሆን ማስታወቂያ ይሆናል። ዲናችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን ትልቅ ዒባዳ አድርጎ ሳለ ነጋዴው ለትርፍ ሲል ምን ያደርግ እንደነበር ማወቅ ለእኛም ትምህርት ነው። ሱረቱ ቁረይሽ የክረምትና የበጋ የንግድ ጉዞን ስታነሣ ከረሃብና ከፍርሃት የሚያድን ጌታ ግዴታም እንዳለው ታስታውሳለች። ንግድ ኒዕማ ነው፤ ኒዕማ ደግሞ ሒሳብ አለው።

የሸዋዋ ንግሥትና የወላስማ ሱልጣኖች

ከኢፋት በፊት የሸዋ ሱልጣኔት ነበር። መኽዙሚዮች የሚባሉ ቤተሰቦች ይገዙት ነበር። ታሪካቸው በዐረብኛ በተጻፈች አጭር ዜና መዋዕል ውስጥ ተገኝቷል፤ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 አሳትሞታል። እህቶቻችን ይህን ስሙ፦ ዜና መዋዕሉ ከመዘገባቸው ቀደምት ክስተቶች አንዱ የአንዲት ሴት ገዢ ሞት ነው። ባዲት ትባላለች፤ የሞተችው በ455 ሂጅራ፣ በ1063 ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን ከመውረራቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። የእንግሊዙን ትምህርት ቤት ያስተምረናል፤ የሸዋዋን ግን ማን አስተማረን?

በ1285 የኢፋቱ ወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቀለለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኢፋት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ ገባርም ሆነ። ከወላስማዎች ወገን ያልገበሩት ወደ ምሥራቅ ዘልቀው ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ተገደሉ፤ ልጆቻቸው ዐደልን አቆሙ። የዐደል መናገሻ በ1520 ወደ ሐረር ዞረ። ጠይቀናቸው ዝም ያሉት ልጆች ሆይ፣ እንግዲህ ስም አገኛችሁ፦ ባዲት፣ ወላስማ፣ ሰዕደዲን።

አል-ዑመሪይ ስለ ሰባቱ መንግሥታት ሲያጠቃልሉ አንድ የሚያም ነገር አስቀምጠዋል። እነዚህ ነገሥታት ቢተባበሩ ራሳቸውን መከላከል ይችሉ ነበር፤ ግን የተበታተኑና እርስ በርስ የሚቀናኑ ናቸው ይላሉ። በአንድ ሰፈር ሁለት ጀመዓ ሆነን ሰላምታ ለምንነፋፈግ ለእኛ ይህ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም።

"የግዙፎች" ከተማ

"እሺ፣ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ መሬት ላይስ ምን ቀረ?" ትሉ ይሆናል። ብዙ ቀርቷል። በኢፋት ተረተር ላይ፣ ዛሬ አርጎባዎች በሚኖሩበት አካባቢ፣ አስባሪ፣ መሳል፣ ኖራና ራሳ ጉባ የሚባሉ የከተማ ፍርስራሾችን የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋል። የድንጋይ መስጂድ፣ የድንጋይ ቤት፣ የመቃብር ቦታ አለ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ሐርላ ነው። የአካባቢው ሰው ሲያርስ ሸክላና ሳንቲም ያገኝ ነበር። የሕንፃዎቹ ድንጋይ ትልቅ ስለነበር "ይህን የሠሩት ግዙፎች ናቸው" ይባል ነበር። ከ2015 ጀምሮ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን ከሀገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ቆፈረ። የተገኘው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ ጌጥ የሚሠራበት ቦታ፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ስብርባሪ፣ ከግብፅ የመጡ ሳንቲሞች፣ ጨሌና ከሩቅ ባሕር የተሻገረ ዛጎል ነው። ግዙፍ አልተገኘም። የተገኘው እንደ እኛ ያለ ሰው መቃብር ነው።

ኢንሶል ከሐርላ በፊት የቆፈሩት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጋኦ፣ ማሊ። እዚያም ከስፔን አልሜሪያ ተጠርቦ ሰሐራን የተሻገረ፣ በ1100 አካባቢ ያሉ ነገሥታት ስም የተጻፈበት የእብነ በረድ የመቃብር ድንጋይ አለ። አንድ ሰው በሁለቱም ጫፍ ቆፍሮ ያገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ከዓለም ጋር የሚገበያይ፣ የሚሰግድ፣ ሙታኑን በክብር የሚቀብር ሕዝብ።

አባቶቻችን ይህን ሊሠሩ ይችላሉ ብለን ማመን ሲያቅተን ነው ግዙፎች የፈጠርነው።

ኢብኑ በጡጣ የሸሹት ጠረን

አሁን ወደ ዘይላ እንሂድ። ይህ ሁሉ ወርቅና ጨርቅ የሚገባባትና የሚወጣባት በር ዘይላ ነበረች፤ ዛሬ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም በማይርቅ የሶማሌ ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኢብኑ በጡጣ በ1331 ገደማ በመርከብ መጡ። ትልቅ ከተማ መሆኗን፣ ትልቅ ገበያ እንዳላት አልካዱም። ግን በዓለም ካሉ ከተሞች ሁሉ የቆሸሸችና የከረፋች እሷ ናት ብለው ጻፉ። ምክንያቱም የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ነው። ባሕሩ ቢናወጥም ከተማዋ ውስጥ ከማደር መርከቡ ላይ ማደርን መረጡ። በማግሥቱ ሄዱ።

እኛ ይህን ስናነብ ትንሽ ቆም አልን። ምክንያቱም እኛ የቆሼ ልጆች ነን።

የሰፈራችን ስም ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ታክሲ ውስጥ "ቆሼ ወራጅ" ስንል ዞር ብሎ የሚያየን አለ። ሥራ ስንጠይቅ አድራሻችንን "አየር ጤና አካባቢ" ብለን የምንሞላ ስንቶች ነን? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱብን ካሜራ ሁሉ መጣ። በማግሥቱም ባይሆን ከሳምንታት በኋላ ሄደ። ስለ ክምሩ ብዙ ተነገረ። ከክምሩ ሥር ስላለቁት ሰዎች፣ ምን እየሠሩ ልጅ እንዳሳደጉ፣ ማን ቁርኣን ያስቀራ እንደነበር፣ ማን ጎረቤቱን ያበላ እንደነበር የጻፈ ግን ጥቂት ነው። አላህ ለሞቱት ሁሉ እዝነቱን ያብዛላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጣቸው።

ኢብኑ በጡጣ አልዋሹም። ዘይላ ትከረፋ ነበር። ክርፋቱም ከሥራዋ የመጣ ነው፤ ዓሣ የሚያወጣ፣ ግመል የሚያርድ ከተማ ሽቶ ሽቶ አይልም። ጥፋቱ አንድ ሌሊት እንኳ አለማደራቸው ነው። ባደሩ ኖሮ ምን ያገኙ ነበር?

ያቺ ከተማ "ዘይለዒይ" የሚለውን ስም ለዓለም የሰጠች ናት። ኢማም ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ በ705 ሂጅራ ካይሮ ገብተው አስተማሩ፤ "ተብዪኑል ሐቃኢቅ" የተባለው መጽሐፋቸው ዛሬም ከሐነፊ መዝሀብ ትላልቅ ኪታቦች አንዱ ነው። በ743 ሂጅራ አለፉ። ተማሪያቸው ጀማሉዲን ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ በ762 ሂጅራ የሞቱት የ"ነስቡር ራያ" ባለቤት ናቸው። የሐዲስ ተማሪ የሆነ ሁሉ፣ ከህንድ እስከ ቱርክ፣ ይህን ኪታብ ሳይገልጥ አያልፍም። መድረሳ እያለን "ዘይለዒይ እንዲህ አሉ" የሚለውን ስንሰማ ስንቶቻችን ናቸው የእኛው ጎረቤት መሆናቸውን ያወቅነው? ኢብኑ በጡጣ አፍንጫቸውን ይዘው ከዘይላ ሲሸሹ ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ ካይሮ ውስጥ ደርስ እየሰጡ ነበር።

የሚጠየቅ ሰውና የሚመልስ ሰው

አሁን ሸይኽ ዐብዱላህ ዘንድ እንመለስ። ስለ ሀገራችን በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ወሬ ቀርቶልናል። አንዱ በመርከብ መጥቶ ያሸተተ መንገደኛ የጻፈው ነው። ሌላው ሀገሩን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ፣ እህሉን፣ ዋጋውን፣ ሰላቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ የነገረው ነው። የመጀመሪያው ጥቂት መስመር ነው፤ ሁለተኛው ሰባት መንግሥታት። ልዩነቱን ያመጣው ሸይኹ ሲጠየቁ የሚመልሱት ነገር ስለነበራቸው ነው። አያፍሩበትም ነበር፤ ያውቁትም ነበር።

ማንሳ ሙሳን የምናውቀው ሀብታም ስለነበረ ብቻ አይደለም። የጠየቀና የመለሰ ሰው ስለነበረ ነው። አል-በክሪይም እኮ ከስፔን ሳይወጡ ነው ከነጋዴዎች ጠይቀው ስለ ጋና የጻፉት።

ስለዚህ ወንድሞቻችን፣ እህቶቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ሼርና ላይክ አይደለም። በዚህ ሳምንት ከአያታችሁ ወይም ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጡ። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከባሌ የመጡ አባቶች በዙሪያችን ሞልተዋል። "አባባ፣ በልጅነትዎ ገበያ የሚወጡት የት ነበር? ምን ጭነው? ስንት ቀን ተጉዘው? ማን ዘንድ ቀሩ? ኡስታዝዎ ማን ዘንድ ቀርተው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት፤ ከዚያ ጻፉት። የቂርኣቱ ሰንሰለት ሦስትና አራት ትውልድ ወደ ኋላ ሲወስዳችሁ እኛ ያልደረስንበት ኢፋት ወይም ሀድያ ትደርሱ ይሆናል። የቆሼንም ጨምሩበት፤ ክምሩ ሲናድ ማን ማንን እንዳወጣ፣ መስጂዱን ማን ድንጋይ ተሸክሞ እንደሠራው።

በሚቀጥለው ከመግሪብ በኋላ ስንቀመጥ ማንሳ ሙሳንም እናወራለን፤ ግን በመጀመሪያ እያንዳንዳችሁ ያመጣችሁትን አንድ ስም ትነግሩናላችሁ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነው የምንሠራም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።